የሠርግ ቀን ያጣ ፕሮግራም፦ ስለ ሀስኬል የፓኬጆች ግጭት

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፕዋን ታቅፋ በራችንን አንኳኳች። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ፣ ከጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ኮዱ ተበላሽቷል» አለችኝ። ኮድ እንጀራ አይደለም፣ ተቀምጦ አይሻግትም ብዬ ልቀልድባት ነበር፤ ስክሪኑን ሳይ ግን ቀልዱን ዋጥኩት። ከእርሷ በፊት የተመረቀ ተማሪ በ2013 ዓ.ም. ሀስኬል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፈው የመመረቂያ ሥራ ነው፤ የትምህርት ማስረጃ ትክክለኛ መሆኑን የሚያጣራ ትንሽ ፕሮግራም። አማካሪዋ «ይህንን አስፋፊው» ብሎ ሰጥቷታል። ያን ጊዜ ያለ እንከን ይሠራ የነበረ ኮድ፣ አንዲት ፊደል ሳትነካበት፣ ዛሬ አልገነባም ብሏል። ሻግቷል ማለት ነው።

ሀስኬል እኛ ሰፈር ድረስ እንዴት መጣ ለሚል አንባቢ አጭር ታሪክ አለው። ቋንቋው በአሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ በሀስኬል ከሪ ስም የተሰየመ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ተሰባስበው ንድፉን ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ስሪት በ1990 ወጣ። (ከዚህ በኋላ የሶፍትዌሮቹን ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የሚወጡትም በእነርሱ ቀን ነው።) ለብዙ ዓመታት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቋንቋ ሆኖ ቆየ። በአገራችን ስሙ ከፍ ብሎ የተሰማው ካርዳኖ የተባለው ብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በጋራ የሚያዝ ዲጂታል መዝገብ) በሀስኬል የተጻፈ በመሆኑ ነው። ከካርዳኖ ጀርባ ያለው ኩባንያ በ2019 ለኢትዮጵያውያንና ለኡጋንዳውያን ሴቶች አዲስ አበባ ውስጥ የሀስኬል ትምህርት ሰጥቷል፤ በኤፕሪል 2021 ደግሞ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር አምስት ሚሊዮን ተማሪዎችን የሚመለከት የዲጂታል ማንነትና የትምህርት ማስረጃ ስምምነት መደረጉ ተነገረ። በዚያ ሰሞን የመመረቂያ ርእስ የሚያፈላልግ ተማሪ ወደ ሀስኬል ቢያዘነብል አይፈረድበትም። የጎረቤቴ ልጅ የወረሰችው ኮድ የዚያ ሰሞን ውላጅ ነው።

ስክሪኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ሁለት ገጽ ይሞላል። ከላይ ጀምራ እያነበበች፣ መሐል ላይ ስትደርስ ተስፋ ቆርጣ፣ ሙሉውን ገልብጣ በኢንተርኔት ፈልጋለች። ያገኘችው ምክር «ሁሉንም ሰርዘሽ እንደገና ጫኚ» የሚል ነበር። እርሱንም አድርጋዋለች። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ መለየት ያለበት ነገር፣ ኮምፓይለሩ (የተጻፈውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚለውጠው) ገና አንዲት የኮድ መስመር እንዳላነበበ ነው። ያኮረፈው ካባል የተባለው የግንባታ መሣሪያ ነው። ካባል ኮዱን ለኮምፓይለሩ ከማቅረቡ በፊት፣ ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸውን ፓኬጆች (ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያዘጋጇቸውን የኮድ ጥቅሎች) ሁሉ የሚያስማማ የስሪቶች ስብስብ ይፈልጋል። ሽማግሌዎች የሠርግ ቀን ሲቆርጡ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የሙሽሪት አባት እህል ሳይሰበሰብ፣ ከጥር በፊት፣ አይሆንም ይላል። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም። የሙሽራው አጎት ከዐረብ አገር የሚመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ያለ እርሱ አይደገስም። የሙሽራው እናት ደግሞ «ዘመኑ ምን እንደሚያመጣ ማን ያውቃል፤ ከጾሙ በፊት ይለቅልኝ» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ዓመቱን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ይመረምሩና «ቀን የለም» ብለው ይነሣሉ። የካባልም መልእክት ይኸው ነው፤ የሚለየው፣ የጣለውን ቀን ሁሉ እየቆጠረ ለምን እንደጣለው መጻፉ ብቻ ነው።

በዚህ የሠርግ ነገር ውስጥ አራቱም ገደቦች እኩል አይደሉም። ጾሙ አይነቃነቅም። የእናትየው ቃል ግን ሥጋት ነው። ከፋሲካ በኋላ ክፉ ነገር እንደሚመጣ ያዩት ነገር የለም፤ አላውቅም ነው ያሉት። የሀስኬል የጥገኝነት ግጭት ከሞላ ጎደል የሚፈታው የትኛው ገደብ ጾም፣ የትኛው ሥጋት እንደሆነ በመለየት ነው።

ጾሙ ቤዝ የሚባለው ፓኬጅ ነው። ቤዝ የቋንቋው መሠረታዊ ላይብረሪ ሲሆን ከኮምፓይለሩ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ኮምፓይለሩ ጂኤችሲ ይባላል፤ የተወለደው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ በከተማው ስም ይጠራል። ጂኤችሲ 8.10 ይዞት የሚመጣው ቤዝ 4.14 ነው፤ ጂኤችሲ 9.6 ደግሞ 4.18ን። በ9.6 ኮምፓይለር ቤዝ 4.14ን ልጠቀም ማለት አይቻልም። ልጅቱ የጫነችው 9.6 ነበር። ከወረሰቻቸው ፓኬጆች አንዱ ደግሞ በመግለጫ ፋይሉ ላይ «ከቤዝ 4.15 በታች» ብሎ ጽፏል። ቀን ጠፋ።

ያ ደራሲ ለምን እንዲህ ጻፈ? የሀስኬል ሰዎች የፓኬጅ ስሪት አቆጣጠር ደንብ አላቸው። በደንቡ መሠረት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ ዋናው ስሪት ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ከተለወጠ ነባር ኮድ ሊሰበር ይችላል። ሦስተኛው ቁጥር ብቻ ካደገ፣ አዲስ ነገር ተጨመረ እንጂ የነበረው አልተነካም። በ2020 ፓኬጁን ያወጣ ሰው 4.15ን አላየውም፤ ገና አልወጣም። ስለዚህ «እስካየሁት ድረስ እመሰክራለሁ» ብሎ ገደቡን ከ4.15 በታች አደረገ። በ4.18 አይሠራም ማለቱ አልነበረም፤ እንደ ሙሽራው እናት አላውቅም ማለቱ ነው። በሀስኬል ሰዎች መካከል ይህ የበላይ ገደብ ይጻፍ አይጻፍ የሚል ክርክር ለዓመታት ሲጓተት ኖሯል፤ ገደቡን ጨርሶ የማይጽፉ ደራሲዎችም አሉ። እኔ ከሚጽፉት ወገን ነኝ። ፈራሁ ብሎ በር ላይ የሚመልሰኝ፣ ዝም ብሎ አስገብቶ እኩለ ሌሊት ላይ ከሚያስወጣኝ ይሻለኛል።

እንግዲህ ሁለት ገጹ እንዴት ይነበባል? ከመስመሮቹ ፊት በቅንፍ ያሉት ቁጥሮች ካባል ስንት እርምጃ እንደሄደ የሚቆጥሩ ናቸው። ዓይን መሄድ ያለበት ስሪት መጣሉን ወደሚናገረውና «ግጭት» የሚለው ቃል ወዳለበት መስመር ነው። እዚያ ሁለት ስሞች አሉ፦ የተጣለው ፓኬጅና ያስጣለው ፓኬጅ ከነገደቡ። በመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ ካባል በጣም ያስቸገሩትን ፓኬጆች በስም ይዘረዝራል፤ ብዙ ጊዜ ከላይ ሳይሆን ከዚያ መጀመር ይሻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ካባል የሚያሳየው ከሞከራቸው መንገዶች አንዱን ነው። የታየው ግጭት ዋናው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ «ይህንን ፓኬጅ በዚህ ስሪት ብቻ ተጠቀም» ብሎ ማስገደድና መልእክቱ እንዴት እንደሚለወጥ መመልከት ይጠቅማል። እንዲያ ስናደርግ ሁለት ገጹ ወደ ስድስት መስመር ወረደ። በስድስቱ ውስጥ «ከ4.15 በታች» የሚለው ቃል ለብቻው ቁጭ ብሎ ይታይ ነበር። ልጅቱ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና «ይኼ ብቻ ነው?» አለች።

ይኼ ብቻ አልነበረም። ግን ወደ ሰረዘችው ነገር ልመለስ።

በድሮው ካባል ሁሉም ፕሮጀክቶች ፓኬጆቻቸውን አንድ ቦታ ያከማቹ ስለነበር፣ ለአንዱ የጫኑት ሌላውን ይሰብር ነበር። ሰዎቹ ራሳቸው «የካባል ሲኦል» ብለው ሰይመውታል። ሁሉንም ሰርዞ መጀመር ያኔ መድኃኒት ነበር። በ2019 ከወጣው ካባል 3.0 ጀምሮ ግን አሠራሩ በነባሪነት ተለውጧል፦ እያንዳንዱ የተገነባ ፓኬጅ ከነስሪቱና ከነጥገኝነቱ የራሱ መለያ ተሰጥቶት በጋራ መጋዘን ይቀመጣል፤ አንዱ ሌላውን አይነካም። ምክሩ ግን በኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ቀረ። መጋዘኑን የሚሰርዝ ሰው ምንም ነገር አይፈታም፤ የሚያጣው የሰዓታት ግንባታ ነው።

ይህ ኪሳራ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከተማ መሐል፣ ጥሩ መስመር ባለበት ቢሮ ውስጥ፣ ሁሉንም መልሶ ማውረድ የአንድ ቡና ጊዜ ነው። ኮዬ ፈጬ ላይ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ተማሪ ጥቅሉን ይቆጥራል። ኮምፓይለሩ ብቻውን ሲጫን ከአንድ ጊጋባይት በላይ ዲስክ ይይዛል። መብራት ሲሄድ ደግሞ የላፕቶፑ ባትሪ ያለውን ያህል ነው። መጋዘኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ መብራት ከመሄዱ በፊት ተገንብቶ ያለቀ ፓኬጅ አይጠፋም፣ የሚደገመው በመሐል የተቋረጠው ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰፈር ሥርዓት ከመመሪያው ትንሽ ይለያል። መጀመሪያ ካባል ምንም ሳይገነባ ዕቅዱን ብቻ እንዲያሳይ ይታዘዛል፤ ለዚህ «ድራይ ረን» የሚል አማራጭ አለው። ዕቅዱ ከተስማማ፣ ኢንተርኔቱ ጥሩ በሆነበት ቦታ ተሂዶ ማውረድ ብቻ ይደረጋል፤ ለዚህም «ኦንሊ ዳውንሎድ» የሚል አማራጭ አለ። ግንባታው ቤት ተመልሶ ያለ ኢንተርኔት ይካሄዳል።

በሁለተኛው ምሽት ግንባታው ያለ አንዳች የስህተት ማብራሪያ ቀጥ አለ። «ተገደለ» የሚል አንድ ቃል ብቻ። ልጅቱ ኮዱን መመርመር ጀመረች። ስህተቱ ግን የኮዱ አልነበረም፤ ላፕቶፕዋ አራት ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ነው ያለው፣ ካባል ደግሞ በርካታ ፓኬጆችን ጎን ለጎን ይገነባ ነበር። ማኅደረ ትውስታው ሲሞላ ሊኑክስ ትልቁን ፕሮግራም መርጦ ገደለ። አንድ በአንድ እንዲገነባ ስናዘው አዘገመ እንጂ አለፈ። ሌላም ጊዜ ዜድሊብ የተባለው፣ መረጃ የሚያጭቅና በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ የለም ብሎ ቆሞ ነበር፤ ይህን የስሪት ጨዋታ አይፈታውም፣ የሲስተሙን የልማት ፓኬጅ መጫን ብቻ ነው። በካርዳኖ ዙሪያ የሚሠሩ ሰዎች ሊብሶዲየም በተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል።

ሥጋት የሆነውን ገደብ ማለፊያው መንገድ «አላው ኒውወር» ይባላል። በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ነው፦ ይህ ፓኬጅ በቤዝ ላይ የጣለውን የበላይ ገደብ እለፈው። የፓኬጁን ስም ጠርቶ ለአንድ ገደብ ብቻ መስጠት እንጂ፣ ለሁሉም ክፍት አድርጎ መተው ጥሩ አይደለም። ከዚያ በኋላ ኮምፓይለሩ ይፍረድ። ሀስኬል ጥብቅ የዓይነት ቁጥጥር (ቁጥር በሚጠበቅበት ጽሑፍ እንዳይገባ የሚያጣራ) ስላለው፣ የማይስማማ ነገር ካለ በአብዛኛው በግንባታው ጊዜ ይጮኻል።

ጮኸ። ሠላሳ ያህል ስህተት በአንድ ጊዜ። ከእነዚህ አብዛኞቹ «ይህ ስም አይታወቅም» የሚሉ ነበሩ፤ ድግግሞሽን የሚጽፉበት ፎርኤም፣ ሁኔታን የሚጽፉበት ዌን። ምክንያታቸው አንድ ነው። ኤምቲኤል የሚባለው ፓኬጅ ድሮ እነዚህን ስሞች ከሌላ ሞጁል (የኮድ ክፍል) አምጥቶ አብሮ ያድል ነበር፤ በ2022 ከወጣው 2.3 ጀምሮ ማደሉን ትቷል። ጂኤችሲ 9.6 ደግሞ አብሮት የሚመጣው 2.3.1 ነው። ኮንትሮል ሞናድ የተባለውን ሞጁል በየፋይሉ አናት በግልጽ ማስገባት በቃ፤ ሠላሳው ወደ ሰባት ወረደ። ስህተት በቁጥሩ ብዛት አይፈራም፤ የመጀመሪያውን አስተካክሎ እንደገና መገንባት ነው።

ከሰባቱ የሚበዙት ከኤሶን ነበሩ። ኤሶን ጄሰን የሚባለውን የመረጃ አጻጻፍ የሚያነብና የሚጽፍ ፓኬጅ ነው። እስከ 2021 ድረስ የጄሰንን መስኮች በሀሽ ሠንጠረዥ፣ ማለትም እያንዳንዱን ስም ወደ ቁጥር ለውጦ በቁጥሩ ቦታ በሚሰጥ ሠንጠረዥ፣ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ተንኮለኛ ሰው ሆን ብሎ አንድ ቦታ ላይ የሚጋጩ የመስክ ስሞችን እየላከ ሰርቨር ማንበርከክ እንደሚችል ታወቀ። በዚያው ዓመት የወጣው ኤሶን 2.0 «ኪ» እና «ኪማፕ» የሚባሉ የራሱን ዓይነቶች አመጣ። ስለዚህ ተራ ጽሑፍ ይሰጥበት የነበረ ቦታ ሁሉ አሁን «ኪ ጠብቄ ነበር፣ ያገኘሁት ቴክስት ነው» ይላል። በየቦታው አንድ የመለወጫ ፈንክሽን ማስገባት ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም አስተሳሰብ አይጠይቅም። ጂኤችሲ 9.0 የዓይነት ሕጉን ጠበቅ ስላደረገ የመጣውን አንድ ስህተት፣ ፈንክሽኑ የሚቀበለውን ተለዋዋጭ በግልጽ በመጻፍ አለፍነው። ከዚህም ያረጀ ኮድ የወረሰ ሰው ሌሎች ጠባሳዎች ያገኛል፦ በ2015 በ7.10፣ በ2018 በ8.4፣ በ2019 በ8.8 የመጡትን። ሁሉም ስማቸው እየታወቀ የሚጠገኑ ናቸው።

እኔን ያስደነገጠኝ ያልጮኸው ነው።

ቴክስት የሚባለው የጽሑፍ ፓኬጅ ውስጡን ለዓመታት በዩቲኤፍ 16 ያስቀምጥ ነበር፤ ከ2.0 ጀምሮ ወደ ዩቲኤፍ 8 ተዛወረ። ሁለቱም ፊደልን በባይት የሚያስቀምጡ ስልቶች ናቸው። የላቲን ፊደል በመጀመሪያው ሁለት ባይት፣ በሁለተኛው አንድ ባይት ይይዛል። የግእዝ ፊደል በመጀመሪያው ሁለት፣ በሁለተኛው ሦስት። ኮዱን የጻፈው ተማሪ የስምን ርዝመት በባይት ለማወቅ ከቴክስት ጓዳ የተወሰደ ፈንክሽን ተጠቅሟል፤ ፈንክሽኑ ባለ 16 ቢት ቁራጮችን ይቆጥራል፣ ተማሪው ደግሞ ውጤቱን በሁለት አባዝቷል። በአዲሱ ስሪት የፈንክሽኑ ስም ስለተቀየረ ኮምፓይለሩ ጮኸ። ልጅቱ ወደ አዲሱ ስም ቀየረችው፤ አዲሱ የሚቆጥረው ባይት ነው። ኮዱ ተገነባ። የድሮው ተማሪ ጽፎት የሄደው ፈተናም (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚያጣራው) አለፈ፤ ምክንያቱም የፈተናው ስሞች ሁሉ በላቲን ፊደል የተጻፉ ናቸው። አምስት የላቲን ፊደል ያለው ስም ድሮም በሁለት ተባዝቶ አሥር፣ ዛሬም በሁለት ተባዝቶ አሥር። «አበበ» ብለን በግእዝ ስናስገባ ግን ድሮ ስድስት የሚለው አሁን አሥራ ስምንት አለ። ረዘም ያለ የአባት ስም ያለው ተማሪ፣ ስሙ ከተፈቀደው የባይት ርዝመት ያለፈ መስሎ፣ ማስረጃው ውድቅ ይሆን ነበር። ማባዣዋን ሰረዘች፤ ፈተናው ውስጥም የራሷን ስም፣ የአባቷንና የአያቷን በአማርኛ ጻፈች። የዓይነት ቁጥጥር ቁጥሩ ቁጥር መሆኑን ያውቃል እንጂ የምን ቁጥር እንደሆነ አያውቅም። የእኛ ፊደል በሌለበት ፈተና ያለፈ ኮድ፣ ለእኛ አላለፈም።

ወደ ኋላ መሄድስ አይቻልም ነበር? ይቻላል፤ እንዲያውም መጀመሪያ ማድረግ የነበረብን ያንን ነው። ጂኤችሲአፕ የተባለው ጫኝ አሮጌና አዲስ ኮምፓይለር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ካባል ደግሞ «የማውጫ ሁኔታ» የሚባል ቀን ይቀበላል፦ የ2021 አንድ ቀን ከተሰጠው፣ ሀኬጅን (የሀስኬል ፓኬጆች ሁሉ የሚገኙበትን ማኅደር) በዚያ ቀን እንደነበረ አድርጎ ያያል። ከዚያ ቀን በኋላ የወጣ ሁሉ ለእርሱ አልተወለደም። አሮጌው ኮድ በአሮጌው ዓለም እንደሚሠራ ማረጋገጥ፣ ከአዲሱ ጋር ሲታገሉ የሚደገፉበት መሠረት ይሆናል። ስታኬጅ የሚባለው አማራጭም አለ፤ አብረው መገንባታቸው የተፈተሸ ፓኬጆች በጥቅል የሚወጡበት ነው። ለጂኤችሲ 8.10 የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው 18ኛው ስብስብ፣ ለ9.6 ደግሞ 22ኛው አለ። የሠርጉን ቀን ሌሎች ቆርጠውልሃል እንደማለት ነው፤ ከስብስቡ ውጭ የሆነ ፓኬጅ ካልፈለግህ በጣም ያሳርፋል።

የድሮው ተማሪ አንድ ነገር ብቻ ቢያደርግ ኖሮ ይህ ሁሉ ምሽት ባልባከነ ነበር። «ካባል ፍሪዝ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ያን ቀን የሠራውን ስብስብ፣ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ስሪት እስከ መጨረሻው ቁጥር፣ በአንድ ፋይል ይጽፋል። ከኮዱ ጋር አብሮ ቢቀመጥ ወራሹ ግምት ውስጥ አይገባም ነበር። በተማሪው አልፈርድም፤ የነገረው የለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀምሯል፤ ወጣቶች ኮድ መጻፍ መጀመራቸው ደስ ያሰኛል። በየሥልጠናው የማየው ግን ሁሌም ባዶ ፋይል ከፍቶ መጀመርን ነው። ሌላ ሰው ጽፎት የሄደን፣ አንድ ሦስት ዓመት የተኛን ኮድ አስነስቶ ማስኬድን የሚያስተምር ብዙም አላየሁም። ሥራ ቦታ ሲገቡ የሚጠብቃቸው ግን በአብዛኛው ይኸኛው ነው።

በአራተኛው ምሽት ፕሮግራሙ ተነሣ። ልጅቱ ስብስቡን በፍሪዝ ፋይል ጻፈች። ከዚያ ያ «ከ4.15 በታች» ያለው ፓኬጅ በ4.18 እንደሚገነባና ፈተናዎቹን እንደሚያልፍ ለደራሲው የሚያስረዳ አጭር መልእክት አዘጋጀች። በሀኬጅ ላይ ደራሲው፣ ወይም ማኅደሩን የሚጠብቁት ባለአደራዎች፣ አዲስ ስሪት ሳያወጡ ገደቡን ብቻ ማስተካከል ይችላሉ፤ ኮዱ አይነካም፣ መግለጫው ይታረማል። ለዚህም ነው አንዳንድ ግጭት ማውጫውን ከማደስ በቀር ምንም ሳይደረግለት የሚፈታው። «ጋሼ፣ ለማላውቀው ሰው ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። ያየሽውን ጻፊ አልኳት።

መልስ እስካሁን አልመጣም። የአላው ኒውወር መስመሯ በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ እንዳለች ናት። ከበላይዋ በአማርኛ አስተያየት ጽፋባታለች፦ «ገደቡ ሲታረም ይህ ይሰረዝ።»